የኤችፒቪ ናሙና ራስሽ ስትወስጂ፦ «ይደገም» ተብሎ እንዳይመለስ

ኤችፒቪ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ነው፤ መኖሩን ለማወቅ ሴቷ ራሷ ከብልቷ በትንሽ ብሩሽ ናሙና ወስዳ ቱቦ ውስጥ ታስገባለች። ከላብራቶሪ «ይደገም» ተብሎ የሚመለስ ቱቦ ሳይ ልቤ ይሰበራል። ከዚያ ቱቦ ጀርባ ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች፣ ልጇን ለጎረቤት የተወች፣ እንደምንም ደፍራ ናሙና የሰጠች ሴት አለች። እንደገና ስትጠራ አንዷ ትመጣለች፤ ሌላዋ «ከእንግዲህስ ይቅርብኝ» ትላለች። እንቅልፍ የምትነሳኝ ያቺ የቀረችው ናት።

በሰሜን ሸዋ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ የታዘብኩት ይህን ነው። ናሙና የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሴቷ «በደንብ ስላላስገባች» አይደለም። ከማስገባቷ በፊትና ካወጣችው በኋላ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው፦ ቅባት የነካው እጅ፣ ስም ያልተጻፈበት ቱቦ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ከረጢት። እኔም ዋናውን ጊዜ የምሰጠው ለእነዚህ ነው።

በቅድሚያ፦ ራሴ የወሰድኩት ይታመናል ወይ?

ይታመናል፤ ነገር ግን አንድ ነገር መሟላት አለበት። ላብራቶሪው የቫይረሱን ዘረመል በፒሲአር እያባዛ የሚፈልግ ምርመራ የሚጠቀም ከሆነ፣ አንቺ የወሰድሽው ናሙና ባለሙያ ከወሰደው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል። ሳያባዙ የሚፈልጉ አንዳንድ የምርመራ ዓይነቶች ግን በራስ በተወሰደ ናሙና ላይ ደከም ይላሉ። ስለዚህ ኪቱን (ብሩሹና ቱቦው ያሉበትን እሽግ) ስትቀበዪ «በፒሲአር ነው የሚመረመረው?» ብለሽ ጠይቂ። አትፈሪ፣ መብትሽ ነው። ለቲቢ ምርመራ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን የራሱ የኤችፒቪ ካርትሪጅ አለው፤ እሱም የሚሠራው በፒሲአር ነው።

ማህፀን በሩን ሳይነካ እንዴት ይሆናል? ከማህፀን በር የሚረግፉ ሴሎች ወደ ብልት ውስጥ ይወርዳሉ፤ ቫይረሱም አብሯቸው ይወርዳል። ብሩሹ የሚለቅመው እነዚያን ነው። ስለዚህ ጠልቆ መግባትና ጉልበት መጠቀም አያስፈልግም።

አንድ ጊዜ አንድ እናት ኪቱን እጃቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ ውስጥ ገብቶ ቢቀርብኝስ?» አሉኝ። «እማማ፣ ብልት ጫፉ የተዘጋ ከረጢት ማለት ነው፤ ብሩሹ ወደ ሆድዎ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። አንቺም ይህ ፍርሃት ካለብሽ ከወዲሁ ጣይው።

ደረጃ 1፦ ምርመራው ላንቺ መሆኑን አረጋግጪ

በአገራችን የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በዋናነት የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ዓመት እንዲጀመር ይመክራል። ከ49 ካለፍሽና ተመርምረሽ የማታውቂ ከሆነ ባለሙያ አማክሪ። የኤችፒቪ ክትባት በትምህርት ቤት የወሰደች ልጅሽን ግን በዚህ ኪት አትመርምሪ፤ ዕድሜዋ ገና ነው።

ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ ኪቱን አትጠቀሚ፤ በቀጥታ ለምርመራ ሂጂ፦

- ከግንኙነት በኋላ ደም ማየት
- ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም መፍሰስ፣ ወይም ወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም መታየት
- መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የማህፀን አካባቢ ህመም

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ኪቱ የተዘጋጀው ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ነው። ደም እያየች «የኪቱ ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ» የምትል ሴት የምታጠፋው ጊዜ በኋላ አይገኝም።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ከወለድሽ ብዙ ካልቆየሽ፣ ማህፀንሽ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ማህፀንሽ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆነ መጀመሪያ ተናገሪ። ለያንዳንዱ መልሱ የተለያየ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጪ

1. ወር አበባ ላይ ሆነሽ አትውሰጂ። ጨርሶ እስኪቆም ጠብቂ። ብዙ ደም ምርመራውን ያደናቅፋል።
2. ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ በብልት ውስጥ የሚገባ ክሬም፣ እንክብል ወይም ማለስለሻ አትጠቀሚ። ግንኙነትም ቢቆይ ይሻላል።
3. ውስጥሽን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በጨው ውሃ አትታጠቢ። ብዙ ሴቶች «ለምርመራ ስሄድ ንጹህ ልሁን» ብለው ውስጣቸውን ያጥባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የሚፈለጉትን ሴሎች ጠርጎ ያወጣቸዋል። ከውጭ በውሃ መታጠብ ይበቃል።
4. ናሙናውን በዚያው ቀን የምታስረክቢበትን ቀን ምረጪ። ከሩቅ የምትመጪ ከሆነ ከገበያ ቀንሽ ጋር አገጣጥሚው። ከመምጣትሽ በፊት ግን ኪቱ መኖሩንና በዚያ ቀን ናሙና እንደሚቀበሉ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል አጣሪ፤ ኪቱ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ከሌለ «በአሴቲክ አሲድ የሚታየው ምርመራ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ባለሙያዋ ማህፀን በሩን ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ በዓይኗ የምታይበት ነው። እሱም ምርመራ ነው፤ ኪት ጠፋ ብለሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺ።

የት ልውሰደው ካልሽ፣ የኔ ምክር እዚያው ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ውስጥ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ጠይቀሽ ብትወስጂው ነው። ቤት ውስጥ መውሰድም ይቻላል። ግን እዚያው ከሆንሽ ብሩሹ ቢወድቅብሽ ወዲያው ሌላ ይሰጥሻል፤ ቱቦውም ፀሐይ ሳይነካው ይረከቡሻል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን አትውሰጂ። ዕቃ የምታስቀምጪበት ንጹህ ቦታ የለም።

ደረጃ 3፦ ኪቱን መርምሪ

ማሸጊያውን ከመክፈትሽ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቺ።

*ማሸጊያው።* ከተቀደደ ወይም ከረጠበ መልሺው።

*ቱቦው።* ፈሳሽ ያለበት ዓይነት ከሆነ አልፈሰሰም? አልተሰነጠቀም? ደረቁ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ባዶ መሆኑ ትክክል ነው፤ «ፈሳሹ ጎደለ» ብለሽ ምንም አትጨምሪበት።

*የሚያበቃበት ቀን።* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 03/2026 የሚል ካየሽ እስከ እኛ 2018 መጋቢት 22 ድረስ ማለት ነው። «ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ብለሽ ጊዜው ያለፈበትን እንዳትጠቀሚ። ግራ ከገባሽ ባለሙያዋ ታስላልሽ።

ደረጃ 4፦ ስምሽን መጀመሪያ ጻፊ

ናሙናውን ከወሰድሽ በኋላ ሳይሆን ከመውሰድሽ በፊት። በኋላ እጅሽ ይረጥባል፣ ወረቀቱም አይጣበቅም፣ ትቸኩያለሽ።

1. ስምሽን እስከ አያት ጻፊ። በአንድ ቀበሌ ሦስት አስካለ ቢገኝ አይገርምም፤ የአባት ስም እንኳ አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።
2. ዕድሜሽንና የምትገኚበትን ስልክ ጻፊ ወይም አስጽፊ። ስልክ ከሌለሽ የምታምኚውን ሰው ስልክ ስጪ። ውጤትሽን እንዲሰማ የማትፈልጊውን ሰው ስልክ አትስጪ።
3. ቀኑን ስትጽፊ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባለሙያዋን ጠይቂ። ሰዓቱንም እንዲሁ። «3 ሰዓት» ስትዪ ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑ ይጻፍ። ላብራቶሪው ናሙናው ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሰላው ከዚህ ነው።
4. ወረቀቱን በቱቦው አካል ላይ ለጥፊ። ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ከክዳን ይለዋወጣል። ከረጢቱ ላይ ብቻም አይደለም።

እህትማማቾች ወይም ጎረቤታሞች አብራችሁ ከመጣችሁ አንዷ ጨርሳ ቱቦዋን ሳታስረክብ ሌላዋ አትጀምር።

ደረጃ 5፦ እጅሽንና ቦታውን አዘጋጂ

እጅሽን በሳሙናና በውሃ ታጠቢና በደንብ አድርቂው። ኩበት ስትጠፈጥፊ ወይም እንጨት ስትሰብሪ ቆይተሽ ከሆነ ጥፍርሽ ሥር ያለውንም አጽጂ። ፀጉርሽን ቅቤ ተቀብተሽ ከሆነ ከታጠብሽ በኋላ ፀጉርሽን አትንኪ። ቅባትና ክሬም ብሩሹን ከነኩት ምርመራውን ሊያበላሹት ይችላሉ።

ደብረ ብርሃን፣ መንዝ ወይም አንኮበር ላይ ከሆንሽ ጠዋት ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ብሩሽ ይጥላል። እጅሽን አሙቂ፤ ካስፈለገም ፀሐዩ ሞቅ እስኪል ጠብቂ። ሰውነትሽም ብርድ ላይ ይኮማተራል፣ ብሩሹም አልገባም ይላል። ጋቢ ወይም ባና ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊ።

ቱቦውን ባዶ ስኒ ወይም ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው። ትንሽ ብልሃት ናት፤ ግን ቱቦ ተገልብጦ ፈሳሹ እንዳይደፋ ትጠብቅሻለች።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን ውሰጂ

ሽንትሽን ቀድመሽ ጨርሺ። ከዚያ፦

1. የውስጥ ልብስሽን አውልቂ። የሚመችሽን አቋም ያዢ፦ ቁጢጥ ማለት፣ አንድ እግር ዱካ ላይ ማሳረፍ፣ ወይም በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ። ብዙ ሴቶች ቁጢጥ ማለቱ ይቀላቸዋል።
2. የቱቦውን ክዳን አላልተሽ አዘጋጂ። ብሩሹን ከማሸጊያው በእጀታው በኩል አውጪው። ለስላሳውን ጫፍ በጣትሽ አትንኪ፤ ልብስሽም፣ ጠረጴዛም አይንካው። በውሃ አታርጥቢው።
3. በሌላው እጅሽ የብልትሽን ከንፈሮች ገለጥ አድርጊ።
4. ብሩሹን በቀስታ አስገቢው። አቅጣጫው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ወገብሽ ያዘነበለ ነው።
5. እጀታው ላይ ምልክት ካለ እስከ ምልክቱ አስገቢ። ከሌለ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃል፤ የመሃል ጣትሽን ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሚገፋ ነገር ከተሰማሽ እዚያው ቁሚ።
6. ሳታወጪው በቀስታ አሽከርክሪው። 3 ጊዜ የሚል ኪት አለ፣ 5 ጊዜ የሚል አለ፣ በሰከንድ የሚቆጥርም አለ። በእጅሽ ያለውን መመሪያ ተከተዪ፤ ድምፅሽን አሰምተሽ ቁጠሪ። ከሁሉም ቸል የሚባለው ይህ ነው። አንዳንዷ አስገብታ ወዲያው ታወጣለች። ብሩሹ ካልዞረ ሴል አይለቅምም።
7. ቀጥ አድርገሽ አውጪው። ጭንሽንም ልብስሽንም ሳያስነካ በቀጥታ ወደ ቱቦው።

መጠነኛ አለመመቸት ይኖራል። የሚያም ህመም ግን ሊኖር አይገባም። ካመመሽ አቁሚና ባለሙያ ጥሪ።

ደረጃ 7፦ ቱቦ ውስጥ አስገቢና ክደኚ

ደረቁ ዓይነት ከሆነ ብሩሹን ወደ ቱቦው መልሰሽ ክዳኑን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊ፤ አለቀ።

ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ብሩሹን ፈሳሹ ውስጥ ነክረሽ መመሪያው የሚለውን ያህል አማስዪ። እጀታው ላይ የሚሰበር መስመር ካለ እዚያ ላይ ስበሪና ጫፉን ቱቦው ውስጥ ተዪው። «አማስለሽ ጣዪ» የሚል ከሆነ ጣዪው። ክዳኑን «ቀጭ» እስኪል ወይም አልዞር እስኪል አጥብቂ፤ ከዚያ ቱቦውን ዘቅዝቀሽ ሽፋኑ እንደማያፈስ እዪ።

ማስጠንቀቂያ። አንዳንዱ ፈሳሽ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል አለበት። አይጠጣም፣ ቁስል አይጠረግበትም፣ እሳት አጠገብ አይቀመጥም። ውሃ የሚመስል ስለሆነ ከልጆች አርቂው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቢ። የጠጣው ሰው ካለ ቱቦውን ይዘሽ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው። ፈሳሹን የነካ ብሩሽ ደግሞ ፈጽሞ ተመልሶ ወደ ሰውነትሽ አይግባ።

እጅሽን ታጠቢ።

ደረጃ 8፦ በእጅሽ አስረክቢ

በሰው አትላኪ፤ ግድ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻ ስጪ። ማደር ካለበት ስንት ቀን መቆየት እንደሚችልና በምን ሙቀት እንደሚቀመጥ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከኪት ኪት ይለያያል፤ «ያለፈው ጊዜ ቤቴ አድሮ ምንም አልሆነም» ብለሽ አትተማመኚ።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም አረርቲ አካባቢ ከሆንሽ ይህ አንቺን ይመለከታል። ቱቦውን የባጃጅ ወይም የሚኒባስ መስታወት ሥር አታስቀምጪ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ምድጃ አጠገብ፣ ቴሌቪዥን ላይ አይሆንም። በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከጣርማ በር ማዶ ወርደሽ የምትሄጂ ከሆነ ደጋው ላይ ቀዝቃዛ ነበር ብለሽ አትዘናጊ፤ መንገዱ ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይለወጣል።

ስታስረክቢ ስምሽ መዝገብ ላይ ሲጻፍ በዓይንሽ እዪ። «ውጤቱ መቼ ነው? እኔ ልምጣ ወይስ ትደውላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የተባለውን ቀን ጻፊው።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ብሩሹ ወደቀ ወይም ጫፉን ነካሁት።* አትጠቀሚበት። አጥበሽ እንደገና አትሞክሪ። ሌላ ኪት ጠይቂ። «ወደቀብኝ» ማለት አያሳፍርም፤ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። ደብቆ መስጠቱ ነው ጉዳቱ።

*በስህተት ፊንጢጣዬን ነካ።* ብሩሹን ጣዪውና በአዲስ ጀምሪ። እዚያም ኤችፒቪ ሊኖር ስለሚችል ውጤቱ ያሳስታል።

*አልገባ አለኝ።* አትግፊው። ቫዝሊን፣ ዘይት ወይም ቅቤም አትቀቢ። ብሩሹን ምንም ሳይነካው ያዢ፣ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሺ፣ አቋም ቀይሪ። ቁጢጥ ብለሽ ከነበረ ተኚ። ሁለት ጊዜ ሞክረሽ እምቢ ካለ ባለሙያዋ ትውሰድልሽ። በግርዛት ወይም በወሊድ የቀረ ጠባሳ ያለባት ሴት ላይ ይህ ሊያጋጥም ይችላል፤ ንገሪያት።

*ብሩሹ ላይ ደም አየሁ።* ጥቂት ነጠብጣብ ችግር የለውም፣ ላኪው። ብሩሹ በደም ከተነከረ ለባለሙያዋ አሳዪ። ከዚያ በኋላም ደሙ ካልቆመ ቤት አትሂጂ፣ ታዪ።

*ፈሳሹ ፈሰሰ።* በውሃ አትሙዪ። ኪቱ ይቀየር።

*እጀታው አልሰበር አለ።* በጥርስሽ አትሞክሪ፤ በቢላም አትቁረጪ። ከነብሩሹ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ባለሙያዋን ጥሪ።

*የኔ ቱቦ ከጎረቤቴ ጋር ተቀላቀለ።* «ይቺ የኔ ትመስለኛለች» አይባልም። ሁለቱም ተጥለው ሁለታችሁም እንደገና ትወስዳላችሁ። ያማል፤ ግን የሌላ ሴትን ውጤት ይዞ መሄድ ከዚህ ይብሳል።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን በትክክል አንብቢ

«ውጤት አልሰጠም» ወይም «ይደገም»። በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ነጻ ነሽ ማለትም አይደለም። አንዳንድ ማሽኖች ናሙናው ውስጥ በቂ የሰው ሴል መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ ካላገኙ መልስ አይሰጡም። ይህ ለአንቺ ጥበቃ ነው። ስትደግሚ ደረጃ 6 ላይ ያለውን ማሽከርከር አስተካክዪ።

«አልተገኘም»። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ቀጣዩ ምርመራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ሴት ከ3 እስከ 5 ዓመት። በመካከል ደም ወይም ሌላ ምልክት ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

«ተገኘ»። ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ይህን አንብቢ። ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል። የማይጠፋው ነው ቀስ በቀስ ሴሎችን የሚለውጠው፤ መከላከያ አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመድረስ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

ከባልሽ ጋር ለመጣላትም አትቸኩዪ። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል መቼና ከማን እንደመጣ ይህ ምርመራ አይናገርም።

ራስሽ የወሰድሽው ናሙና የሚናገረው ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ሴሎቹ ተለውጠው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ በዓይኗ ማህፀን በሩን ማየት አለባት። ስለዚህ ሁለተኛ ጉዞ አለ፤ ያ ከሌለ የመጀመሪያው ድካምሽ ከንቱ ይቀራል። ለውጥ ከተገኘና ለሕክምናው የሚሆን ከሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል። ማደንዘዣ ወስዶ መተኛትም አያስፈልገውም፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር ካለ ወደ ሆስፒታል ይጽፉልሻል።

ስትሄጂ የውጤት ወረቀትሽን ያዢ። በተባለው ቀን ካልደወሉልሽ ራስሽ ሂጂ፤ ስልክሽ ከተቀየረ አዲሱን አስመዝግቢ። ቀጠሮሽ ካለፈም ሂጂ። መዝገብ ላይ ስምሽ ካልተገኘ የጻፍሽውን ቀን አሳዪና ቱቦው እንዲፈለግ ጠይቂ፤ ካልተገኘ እዚያው ሌላ ኪት ይስጡሽ።